እንግዳው «ዛሬ ማታ እመጣለሁ» ቢልስ? ወሎ ውስጥ ቤት ለምታከራዩ

(ስክሪን፦ የስልክ ካሌንደር። ጣት የዛሬን ቀን ይነካል።)

ወሎ ውስጥ የመሸበት መንገደኛ በር ላይ ቆሞ ሲጣራ መልሱ ይታወቃል። «ቤት የእግዜር ነው፣ ይግቡ።» እንግዳ መመለስ ነውር ነው። ቤታችሁን በኤርቢኤንቢ ወይም በቡኪንግ ዶት ኮም (እንግዳ በኢንተርኔት ማደሪያ በሚይዝባቸው አፖች) ስታከራዩ ግን ይኸው ይሉኝታ ሴቲንጉ ውስጥ ይገባና በሩን ለማንኛውም ሰዓት ክፍት ያደርገዋል። እንግዳው ማታ ይደርሳል። ሮቶው ባዶ ነው። አንሶላው ገና ገመድ ላይ ነው። ዘመድ ቢሆን «ምንም አይደል» ብሎ ቡናውን ይጠጣ ነበር። የከፈለ እንግዳ ሁለት ኮከብ ሰጥቶ ይሄዳል።

ዛሬ የምናየው ይህንን የሚቆጣጠረውን ሴቲንግ ነው። አፑ ላይ «አድቫንስ ኖቲስ» ይባላል። እኛ የቅድሚያ ጊዜ እንበለው። እንግዳው ቤቱን ከያዘበት ሰዓት እስከሚገባበት ቀን ድረስ ቢያንስ ስንት ጊዜ ያስፈልጋችኋል? ጥያቄው ይኼ ነው።

(ስክሪን፦ የኤርቢኤንቢ አፕ። ካሌንደር፣ ከዚያ አቬይለቢሊቲ።)

ኤርቢኤንቢ ላይ ካሌንደሩን ከፍታችሁ «አቬይለቢሊቲ» ወደሚለው ግቡ። ምርጫዎቹ የዚያው ቀን፣ 1 ቀን፣ 2 ቀን፣ 3 ቀን እና 7 ቀን ናቸው። ከአንድ በላይ ቤት ካላችሁ እያንዳንዱን ለብቻው ታስተካክላላችሁ። ቡኪንግ ዶት ኮምም ተመሳሳይ ሴቲንግ አለው። ቦታው ቢለያይም ሐሳቡ ያው ነው።

«የዚያው ቀን» ካላችሁ፣ እስከ ስንት ሰዓት ብሎ ይጠይቃችኋል። እዚህ ጋ ቆም በሉ።

አፑ የሚያወራው በፈረንጅ ሰዓት ነው። «12 ፒ ኤም» የሚል ታያላችሁ። ለእኛ 12 ሰዓት ሲባል ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ለአፑ ግን እኩለ ቀን፣ ማለትም የእኛ ቀን 6 ሰዓት ነው። እስከ ምሽት 12 ክፍት ይሁንልኝ ብላችሁ ይህን ብትመርጡ፣ ቤታችሁ በምሳ ሰዓት ከፍለጋ ይጠፋል። ከአዲስ አበባ በመኪና ተነስቶ ከሰዓት በኋላ ማደሪያ የሚፈልገው ሰው አያገኛችሁም። የምትፈልጉት «6 ፒ ኤም» ነበር። ግልባጩ ደግሞ ይብሳል። «12 ኤ ኤም» እኩለ ሌሊት ነው። እሱን የመረጠ ሰው ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ሲጮህ እንዳይደነግጥ።

«1 ቀን» የሚለውንም ሙሉ 24 ሰዓት አድርጋችሁ አትቁጠሩት። የሚቆጠረው በካሌንደር ቀን ነው። ማታ 4 ሰዓት ላይ የነገውን ቤት የሚይዝ ሰው ሊመጣ ይችላል። ያኔ በእጃችሁ ያለው የነገ ጠዋት ብቻ ነው።

(ስክሪን፦ ካርታ። ላሊበላ፣ ሐይቅ፣ ደሴ፣ ኮምቦልቻ።)

ታዲያ ስንቱን እንምረጥ? ብዙ አከራይ ራሱን የሚጠይቀው «እኔ ምን ያህል ሥራ ይበዛብኛል?» ብሎ ነው። በእኔ እምነት መጠየቅ ያለበት ቤቱ ነው። አንዱ እንግዳ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ቤቱ ምን ይፈልጋል? ከመግቢያው ሰዓት ተነስታችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ።

አንሶላን እንውሰድ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ቁልቁለቱን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ታገኟታላችሁ። ጠዋት የታጠበ አንሶላ ኮምቦልቻ ላይ ከሰዓት በኋላ ይታጠፋል። ደሴ ላይ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ከወረደ ያው አንሶላ አድሮም እርጥብ ነው። ሐምሌና ነሐሴማ አይወራም። ስለዚህ አንድ ሰው በሁለቱ ከተሞች ሁለት ቤት ቢኖረው፣ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ቁጥር መስጠቱ አያስኬድም። ለጥር የሠራው ቁጥርም ለነሐሴ አይሠራም። ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፦ ሁለት ተጨማሪ የአንሶላ ቅያሪ ቤት ውስጥ ካለ የቅድሚያ ጊዜው ሊያጥር ይችላል። እኔ ብሆን ሴቲንጉን ከማርዘሜ በፊት አንሶላ እገዛለሁ።

ውሃውም እንደዚያው ነው። ሰፈራችሁ ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ከሆነ፣ የሮቶው መጠን ከሴቲንጉ ጋር መነጋገር አለበት። አንድ ቤተሰብ ሮቶውን ጨርሶ ከወጣና ፈረቃው ከነገ ወዲያ ከሆነ፣ «የዚያው ቀን» የሚለው ምርጫ ውሸት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ቤቱን የሚያሰናዱት ሰው አሉ። ብዙዎቻችሁ አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ የላሊበላን ወይም የሐይቅን ቤት ነው የምታከራዩት። ቁጥሩን ከመምረጣችሁ በፊት ስልክ አንሱ። «እትዬ፣ ዛሬ ጠዋት ብነግርዎ ቤቱን ስንት ሰዓት ላይ ያደርሱልኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። እሳቸው ቅዳሜ ገበያ ይወጡ ይሆናል። እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ናቸው። አርብ ደግሞ ጁምዓ የሚሄድ ጠባቂ ይኖራችሁ ይሆናል። ሴቲንጉ የእሳቸውን ሳምንት ካላወቀ አይጠቅምም።

አሁን እንግዳውን እንይ። ኮምቦልቻ በ2009 የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። ማሽን ተበላሸ ተብሎ የተጠራ ቴክኒሻን ሳምንት ቀድሞ አልጋ አይዝም። ዛሬ ተደውሎለት ዛሬ ነው የሚመጣው። እዚያ 7 ቀን ብትሉ ገበያውን ዘጋችሁ ማለት ነው። የዚያው ቀን፣ እስከ «6 ፒ ኤም» ይበቃል። ወደ ላሊበላ በአውሮፕላን የሚመጣው ቱሪስት ግን ትኬቱን አስቀድሞ ቆርጧል። ለእሱ 1 ወይም 2 ቀን ብታስቀምጡ ብዙ እንግዳ አታጡም።

መካከለኛ መንገድም አለ። የቅድሚያ ጊዜውን 1 ቀን አድርጋችሁ፣ ከዚያ ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ግን ጥያቄ እንዲልክ መፍቀድ ትችላላችሁ። ያኔ በራሱ አይያዝም። እናንተ አይታችሁ እሺ ወይም አይሆንም ትላላችሁ። መልስ ለመስጠት 24 ሰዓት አላችሁ። ጥሩ ነገር ነው፣ ኔትወርክ ካለ።

(ስክሪን፦ ኔትወርክ የሌለው ስልክ።)

ኔትወርክ ሲጠፋ ስልካችሁ ዝም ይላል። ካሌንደሩ ግን ዝም አይልም። ያለው ሩቅ አገር ኮምፒውተር ላይ ነው፣ የደሴ መብራት ቢጠፋ አይጠፋም። «ኢንስታንት ቡክ» ካበራችሁ እናንተ ሳታውቁ ቤቱ ይያዛል። ካጠፋችሁት ደግሞ ጥያቄው ሳይመለስ ጊዜው ያልፋል። ስለዚህ ኔትወርክ በሚያስቸግርበት አካባቢ ከፍ ያለ የቅድሚያ ጊዜ እንደ መድን ነው። 2 ቀን ካለ፣ አንድ ቀን ኔትወርክ ቢጠፋም ሌላ ቀን ይቀራችኋል። ሌላ ከተማ ያለ እህት ወይም ወንድም ካላችሁ በ«ኮ ሆስት»፣ ማለትም በተባባሪ አከራይነት አስገቡት። የእናንተ ስልክ ዝም ሲል የእሱ ይጮሃል።

ከዚሁ ጎን «ፕሪፓሬሽን ታይም» የሚል አለ። እሱ ሌላ ነገር ነው። ከእያንዳንዱ እንግዳ በፊትና በኋላ 1 ወይም 2 ሌሊት በራሱ ይዘጋል። ወጪው ከባድ ነው፤ የምትዘጉት ሌሊት የምትሸጡት ሌሊት ነበር። ጽዳቱ በግማሽ ቀን የሚያልቅ ከሆነ አትንኩት።

(ስክሪን፦ የታኅሣሥ እና የጥር ካሌንደር።)

የመጨረሻው፣ እስከ ምን ያህል ወደፊት ነው ቤቱ ክፍት የሚሆነው? ኤርቢኤንቢ ከ3 ወር እስከ 24 ወር ያስመርጣል። ላሊበላ ላይ ጉዳዩ የገና በዓል ነው። የሩቅ አገር እንግዳ ለገና ከወራት በፊት ይይዛል። 3 ወር ብቻ ከከፈታችሁ እሱ ሌላ ቤት አግኝቶ ያልፋል። 12 ወር ብትከፍቱ ደግሞ የገናን ዋጋ ሳታስገቡ አንድ ፈጣን ሰው በተራ ቀን ዋጋ ይይዘዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ዋጋ፣ ከዚያ ካሌንደር። ሂሳባችሁን በብር የምታስቡ ከሆነ ደግሞ ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የሆነውን አስታውሱ። ከዓመት በፊት የተስማማችሁበት ዋጋ እንግዳው ሲመጣ ወጪውን ላይሸፍን ይችላል። እኔ 24 ወርን ለማንም አልመክርም።

ቀኖቹን ስትቆልፉ ተጠንቀቁ። ገና በፈረንጅ ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ነው። ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ታኅሣሥ 28 ላይ የሚውለውም ለዚህ ነው። ጥምቀትና የግሸን ማርያም በዓል ግን እኛ ዘንድ ጥር 11 እና መስከረም 21 ላይ ይጸናሉ፣ በፈረንጁ ግን በዚያ ዓመት አንድ ቀን ይገፋሉ። ስለዚህ የ2020 ግሸን በፈረንጅ ኦክቶበር 2፣ 2027 ነው። «ሁልጊዜ ኦክቶበር 1 ነው» ብሎ ዋጋ የቆለፈ ሰው ዋናዋን ቀን በርካሽ ይሸጣታል። መውሊድ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ፣ በዓሉን ለማክበር ጀማ ንጉሥ ለሚሄድ እንግዳ የምታከራዩ በየዓመቱ አዲስ ቀን አስገቡ።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ተቀብላችሁ ከመሰረዝ ይልቅ ቀድሞውኑ አለመቀበል ርካሽ ስለሆነ። ኤርቢኤንቢ ላይ አከራዩ ራሱ ከሰረዘ ቅጣቱ ቢያንስ 50 ዶላር ነው። እንግዳው ሊገባ 48 ሰዓት ሳይሞላ ከሰረዛችሁ የኪራዩ ግማሽ ድረስ ይሄዳል። በቂ ምክንያት ካላችሁ ሊቀርላችሁ ይችላል። ሮቶው ባዶ መሆኑን ግን በቂ ምክንያት ብላችሁ አትቁጠሩ።

(ስክሪን፦ «ሴቭ» የሚለው ሲነካ።)

ሴቲንጉን ስትቀይሩ ቀድሞ የተያዘውን አይነካም። የዛሬ ማታ እንግዳ ካላችሁ አሁንም እንግዳችሁ ነው። ከቀየራችሁ በኋላ ሞክሩት። በሌላ ሰው ስልክ፣ አካውንታችሁ ውስጥ ሳትገቡ፣ የዛሬን ማታ ፈልጉ። ከዚያ የነገን፣ ከዚያ የከነገ ወዲያን። መውጣት የሌለበት ቀን ላይ ቤታችሁ ከወጣ፣ ወይ ሴቭ አላደረጋችሁም፣ ወይ የቀየራችሁት የሌላኛውን ቤት ነው።