ስክሪኑ ሲጠቁርና ቁጥሩ ሲዋሽ

[ምስል፦ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና። ከፊት መስታወቱ ሥር የተረሳ ዲጂታል መልቲሜትር፤ ስክሪኑ ድፍን ብሎ ጠቁሯል።]

ተራኪ፦ ይህ መልቲሜትር የተባለ የኤሌክትሪክ መለኪያ ተበላሽቷል ብሎ ለመፍረድ አይቸኩሉ። በአፋር ቆላ እኩለ ቀን ላይ መኪና ውስጥ የቆየ መሣሪያ ስክሪኑ እንዲህ ሲጠቁር፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጦ እስኪበርድ መታገሥ ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል። በስክሪኑ ሁለት መስታወቶች መካከል ያለው ፈሳሽ ክሪስታል እንደ ፈሳሽ የሚፈስ፣ ሞለኪውሎቹ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ የተሰለፉ ለየት ያለ ቁስ ነው። ኤሌክትሪክ ይህን ሰልፍ እያዞረ ብርሃን እንዲያልፍ ወይም እንዳያልፍ ያደርጋል፤ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ግን ሰልፉ ይፈርስና ቁሱ ተራ ፈሳሽ ይሆናል።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ ሃል ዩኒቨርሲቲ ጆርጅ ግሬይና ባልደረቦቹ የሠሩት 5ሲቢ የተባለ ፈሳሽ ክሪስታል ሰልፉን የሚጠብቀው በግምት ከ24 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ብቻ ነበር። ከ1960 እስከ 1966 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው ምዝገባ የዳሎል አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ እንደነበር ስናስታውስ፣ ያ ቁስ ለብቻው እዚያ ቢወሰድ ከአፋፉ ላይ ይቆም ነበር ማለት ነው። አምራቾች ልዩ ልዩ ቁሶችን ቀላቅለው ወሰኑን በሁለቱም ጫፍ ያሰፉት በዚህ ምክንያት ነው።

[ምስል፦ ሌሊት፣ የስሜን ተራሮች።]

ተራኪ፦ በብርድ ደግሞ ፈሳሹ እንደ ረጋ ማር ስለሚወፍር ቁጥሩ ሲቀየር የቀድሞው ጥላ ለጥቂት ጊዜ ይቀራል። የሊትየም ባትሪ ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ ከተደረገ ግን ጉዳቱ ዘላቂ ነው።

ስክሪኑ ቢያንስ ሕመሙን አይደብቅም። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጥርት ብሎ የሚታየው ስሕተት ነው። የብዙ መልቲሜትሮች መመሪያ፣ የተጻፈው ትክክለኛነት የሚሠራው ከ18 እስከ 28 ዲግሪ ባለው ሙቀት መሆኑንና ከዚያ ለሚያልፍ ለእያንዳንዱ ዲግሪ የስሕተቱ ወሰን በተጻፈው ወሰን አንድ አሥረኛ እንደሚሰፋ ይገልጻል። ይህ የሚገኘው ማንም በማያገላብጣቸው የመጨረሻ ገጾች ላይ ነው። እንግዲህ 0.5 በመቶ የተባለው ወሰን በ43 ዲግሪ 1.25 በመቶ ይደርሳል ማለት ነው፤ በውስጡ ያሉት ሬዚስተሮች (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድቡ ክፍሎች) እና መሣሪያው የሚለካውን የሚያነጻጽርበት ማመሳከሪያ ቮልቴጅ ከሙቀቱ ጋር ስለሚለዋወጡ ነው። ሳጥኑ ላይ «እስከ 50 ዲግሪ ይሠራል» ተብሎ መታተሙ መሣሪያው እንደማይቆም እንጂ እንደማይሳሳት አያረጋግጥም።

[ምስል፦ መልቲሜትሩ ከዛፍ ጥላ ሥር። ቁጥሮቹ ቀስ በቀስ ይመለሳሉ።]

ተራኪ፦ ስክሪኑ ተመልሷል። ሆኖም የውስጡ ክፍል ከላይ ካለው ሽፋን ዘግይቶ ስለሚበርድ፣ ንባቡን መዝገብ ላይ ለማስፈር ገና ነው።