በእንቅልፍ ያልተሸነፈው ዜማ

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ውድ የማኅበራችን አባላት! እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ። ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከወልድያ ድረስ የመጣችሁ፣ ደሴ ቤታችሁ ናት። ሒሳቡና ምርጫው ከምሳ በኋላ ስለሚቀርብ አሁን አልገባበትም፤ ዛሬ ወደምንዘክራት ሴት በቀጥታ ልሂድ።

የፍሊትውድ ማክ ባንድ ዘፋኝና ኪቦርድ ተጫዋች ክሪስቲን ማክቪ በ79 ዓመቷ ያረፈችው ኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ የጽዮን ማርያም ዕለት ነው። ወሬው በማግስቱ ጠዋት ሲደርሰኝ ቡና እየተቆላ ነበር። ዘመድ የሞተብኝ ያህል ነው የደነገጥኩት። ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

የፍሊትውድ ማክ ነገር ሲነሳ እኛ ሁሌም ለሁለት እንከፈላለን፤ አቦል ላይ ጀምረን በረካ ላይ ሳንስማማ የተነሳንበት ቀን ብዙ ነው። አንደኛው ወገን፣ ባንዱ ማለት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1967 ፒተር ግሪን ለንደን ላይ ያቋቋመው የብሉዝ ባንድ ነው ይላል። እውነት አለው። የፒተር ግሪን ጊታር ለወሎ ሰው ጆሮ ማሲንቆ ነው፤ ጥቂት ድምፅ ያወጣል፣ ዝም ይላል፣ ተመልሶ ያንኑ ቁስል ይነካል። አምባሰልና ባቲ እየሰማ ያደገ ሰው ይህን እንዴት አይወድም? ሌላው ወገን ደግሞ ሊንዚ በኪንግሃምና ስቲቪ ኒክስ ከገቡ ወዲህ ያለውን እንጂ የቀደመውን አይሰማም። በ1977 የወጣው አልበማቸው ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ስለተሸጠ፣ እዚህ ወገን ያለው ሰው ይበዛል።

እኔ ግን ሁለቱን ዘመን ያጋመደችው ክሪስቲን ናት እላለሁ። በ1970 ፒተር ግሪን ሲወጣ እሷ ገባች። እሷም የብሉዝ ልጅ ነበረች። ከዚያ በኋላ ጊታሪስት ይመጣል፣ ጊታሪስት ይሄዳል፤ ከበሮው የሚክ ፍሊትውድ፣ ቤዙ የጆን ማክቪ፣ ኪቦርዱ የእሷ ሆኖ ቀጠለ። ወደ ካሊፎርኒያ ሲሻገሩም አብራ ተሻገረች። ዘመኑ ሲለወጥ ግጥሟ አልተለወጠም፦ አጭር፣ ጎረቤት ለጎረቤት በሚነጋገርበት ቃል የተጻፈ።

ያንን ትልቅ አልበም ሲሠሩ ከጆን ጋር ትዳራቸው ፈርሶ ነበር። ለአዲሱ ፍቅሯ የጻፈችውን ዘፈን ጆን ስለማን እንደሆነ ሲጠይቃት፣ ስለ ውሻዬ ነው አለችው። እሱም ቤዙን ተጫወተላት። ያ ቤዝ በገባ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል።

አንድ ሌሊት ደግሞ ከእንቅልፏ ስትነቃ አንድ ዘፈን ከነግጥሙ ከነዜማው መጣላት። ክፍሏ ውስጥ ትንሽ ፒያኖ እንጂ መቅጃ አልነበራትም። ብተኛ ይጠፋብኛል ብላ እየደጋገመች ስትጫወተው ነጋ። በኋላ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ባዶ አዳራሽ ውስጥ፣ ፒያኖው ላይ አበባ ተቀምጦ ቀረጹት። የእኛም አዝማሪ ያመጣውን ዜማ በጭንቅላቱ ይዞ ነው የሚያነጋው፤ ለዚህ ይመስለኛል ይህች ፈረንጅ ባዳ ያልሆነችብኝ።

በ2014 ዓ.ም. ደሴን ለቀን ወጥተን ስንመለስ፣ ካሴቶቼ ወለሉ ላይ ተበትነው፣ ክራቸው እንደ አንጀት ተጎልጉሎ አገኘኋቸው። ይህ የሌሊት ዘፈን ያለበትን ካሴት ክር በሻማ ብርሃን፣ በእስክሪብቶ፣ ጥቂት በጥቂት እያዞርኩ መለስኩት። መሐሉ ላይ ተጨማድዶ ስለነበር አንድ ቦታ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። በስልክ የጠራ ቅጂ አለ፤ እኔ ግን የምሰማው ያንን ነው።

ክሪስቲን በፈረንጆቹ በ1998 ከባንዱ ወጥታ እንግሊዝ ገጠር ገብታ ነበር፤ አውሮፕላንም ትፈራ ነበር። በ2014፣ በፈረንጆቹ፣ ተመልሳ ከጓደኞቿ ጋር መድረክ ላይ ወጣች። በዚያ ዓመት እዚህ ያለነው እንዴት እንደተደሰትን ታስታውሳላችሁ።

ጉባኤው ተከፍቷል። ኪቦርዱ ተሰክቷል፤ ወጣቷ አባላችን ያንን የሌሊት ዘፈን ትጫወትልናለች፣ በመጨረሻው ዙር ማሲንቆው ይገባል። ስልካችሁን ዝም አድርጉልን። የኋለኞቹ ወንበር ላይ ያላችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፣ ቦታ አለ።