ፈተናውን የወደቀው የሚጥል በሽታ መድኃኒት

ሌቬቲራሴታም የሚባለውን መድኃኒት የሚጥል በሽታ ያለበት ዘመድ ካላችሁ ሳትሰሙት አትቀሩም። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይታዘዛል። በሁለቱ አንጋፋ የላቦራቶሪ ፈተናዎች ግን ወድቋል!

(ምስል፦ ላቦራቶሪ፣ ነጭ አይጦች)

አንደኛው ፈተና የኤሌክትሪክ ነው። ዓይኗ ላይ በሚያርፉ ኤሌክትሮዶች አይጧ ለ0.2 ሰከንድ ኤሌክትሪክ ይሰጣታል፣ የኋላ እግሮቿ ግትር ብለው ይዘረጋሉ፤ መድኃኒቱ ይህን ካስቀረ አለፈ። ተመራማሪዎቹ ሜሪትና ፑትናም በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቦስተን ውስጥ ፌኒቶይን የተባለው መድኃኒት ለሚጥል በሽታ እንደሚሠራ ያገኙት ድመቶችን በኤሌክትሪክ እየፈተኑ ነው። ሁለተኛው ፔንቲሊንቴትራዞል የተባለ የሚያንቀጠቅጥ ኬሚካል ከቆዳ ሥር መውጋት ነው። ልጆች ለሰከንዶች ፍዝዝ ለሚሉበት ዓይነት የሚሰጠው ኢቶሰክሲማይድ በዚህኛው ያልፋል፣ በኤሌክትሪኩ ይወድቃል። ፌኒቶይን የዚህ ተቃራኒ ነው።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ሁለቱም የሚሠሩት በጤነኛ እንስሳ ላይ መሆኑ ነው። አይጧ የሚጥል በሽታ የለባትም፣ ለደቂቃ ተገድዳ ነው የምትንቀጠቀጠው። ሌላ ዘዴ አለ፦ አንጎል ውስጥ ኤሌክትሮድ ተተክሎ ትንሽ ትንሽ ኤሌክትሪክ በየቀኑ ይሰጣል፣ ውሎ አድሮ አንጎሉ ራሱ ይለወጥና ያ ትንሽ ኤሌክትሪክ ብቻ መጣል ይጀምራል። ሌቬቲራሴታም እነዚህ እንስሳት ላይ ሠራ። በ1999 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ዘዴው ግን ቀዶ ሕክምናና ሳምንታት ይፈጃል።

ለፍጥነት ከሆነ ዜብራፊሽ የምትባለው ትንሽ ዓሣ አለች። መድኃኒቱን ውኃዋ ውስጥ መጨመር ነው፣ በቃ። በ2013 (እ.ኤ.አ.) የድራቬት ሕመምን (በሕፃንነት የሚጀምር ከባድ የሚጥል በሽታ ነው) የጂን ጉድለት በተሸከሙ የዓሣ ጫጩቶች ላይ ክሌሚዞል የተባለ የቆየ የአለርጂ መድኃኒት የሚጥሉትን ሲያረጋጋ ታየ። እኔ ግን እንቅስቃሴ ብቻ በሚቆጥር ጥናት አልረካም፤ የደነዘዘች ዓሣም አትንቀሳቀስም፣ ስለዚህ የአንጎሏ ኤሌክትሪክ መለካት አለበት።

እኛም አገር በዩኒቨርሲቲዎች የባህል መድኃኒት ዕፅዋት በብዛት የሚፈተኑት በእነዚያው በሁለቱ አንጋፋ ዘዴዎች ነው። ሁለቱንም የወደቀ ቅጠል ከመጣሉ በፊት ባለ 6 ኸርዙ (በሰከንድ 6 ጊዜ የሚመታ ኤሌክትሪክ) ፈተና ቢሞከርለት ደስ ይለኛል። እሱም በዓይን በኩል ነው፣ ለ3 ሰከንድ ነው፣ ቀዶ ሕክምና አይጠይቅም፤ ሌቬቲራሴታምም በ32 ሚሊአምፔር ያልፈዋል።