ታክሲ የሚመስል የልደት ኬክ በቤታችን

[ምስል፦ ከታች ሰማያዊ፣ ከላይ ነጭ የተቀባ የሚኒባስ ቅርጽ ያለው ኬክ]

ልጄ 4 ዓመት ሊሞላው ሲል "የልደት ኬክህ ምን ይሁን?" ብዬ ስጠይቀው "ታክሲ" አለኝ። መኪና አላለም፤ ታክሲ። በሩ በጎን የሚንሸራተተው የአዲስ አበባው ሚኒባስ።

ያን ጊዜ ያሳሰበኝ ቀለሙና ጎማው ነበር። ኬኩን ከውጭ አገር አሰራር ላይ ልኩን ሳላዛንፍ ወሰድኩ። ኦቨን ውስጥ ኩፍ ብሎ ተነሳ፤ ትንሽ ቆይቶ ዓይኔ እያየ መሃሉ ሰመጠ። መሃሉ የሰመጠ ኬክ ደግሞ ቢላ ሲነካው ይፈረፈራል፣ ቅርጽ አይወጣውም። ስለዚህ ዛሬ ወደ ማስዋቡ ከመሄዳችን በፊት ስለ አጋገሩ ረዘም አድርገን እናውራ።

አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ነው፤ ውሃ እንኳ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። ቤኪንግ ፓውደር እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ኬኩን የሚያነሳው ይሄ ነው። የሚጫነው ግፊት ሲያንስ አየሩ ከልክ በላይ ይነፋል፤ እንቁላሉና ዱቄቱ ሳይረጉ ይቀደማሉ፤ ከዚያ መውደቅ ነው። ውሃውም ቶሎ ስለሚተን ሊጡ ውስጥ ስኳሩ ይበዛል፣ ኬኩም ለመጽናት ይዘገያል።

መፍትሔው ቤኪንግ ፓውደሩንና ስኳሩን መቀነስ፣ ወተቱን ጨመር ማድረግ፣ ሙቀቱን ከተጻፈው 10 ዲግሪ ያህል ከፍ ማድረግ ነው። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ሆናችሁ የምትጋግሩ ግን ከተማችሁ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ የውጭ አገሩን አሰራር እንዳለ ተከተሉ።

[ምስል፦ ሚዛን ላይ ያለ ዱቄት]

እኔ የምጠቀመው 350 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 250 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 270 ግራም ስኳር፣ 5 እንቁላል፣ 200 ሚሊ ሊትር ወተትና 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ነው። ቅቤና ስኳሩን እስኪነጣ ምቱ፣ እንቁላሉን አንድ በአንድ ጨምሩ፣ ከዚያ ዱቄቱንና ወተቱን እያፈራረቃችሁ አስገቡ። ዱቄት ከገባ በኋላ ብዙ አትምቱ። 20 በ30 ሴንቲ ሜትር በሆነ መጋገሪያ፣ በ190 ዲግሪ፣ ለ35 ደቂቃ ያህል። መሃሉን በስቴኪኒ ወግታችሁ ደረቅ ሆኖ ከወጣ ደርሷል። እስከዚያ የኦቨኑን በር አትክፈቱ።

ሲቀዘቅዝ ጠቅልላችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ይህን እባካችሁ አትዝለሉት፤ ያደረ ኬክ እንደ አይብ ነው የሚቆረጠው።

በማግስቱ 10 በ20 የሆኑ ሦስት እኩል ቁራጮች ታወጣላችሁ። በመሃላቸው ክሬም እየቀባችሁ ደራርቧቸው። ቁመቱም ወርዱም ሚኒባስ ሆነ ማለት ነው። ከፊት ለፊት ብቻ የላይኛውን ጠርዝ በሰያፍ ላጥ አድርጉት፤ የሹፌሩ መስታወት እዚያ ይመጣል።

[ምስል፦ ሁለት ጎድጓዳ ሳህን፤ አንዱ አረንጓዴ ያደላበት፣ አንዱ ጥርት ያለ ሰማያዊ]

እነዚህን ሁለት ሳህኖች እዩ። የገባባቸው ቀለም አንድ ነው። የግራው ለምን አረንጓዴ ሆነ? ቅቤ ቢጫ ነው፤ ቢጫ ላይ ሰማያዊ ሲጨመር አረንጓዴ ይወጣል። ለቀኙ ቅቤውን ብቻውን 10 ደቂቃ ያህል እስኪነጣ መታሁት፣ ከዚያ ፓውደር ስኳሩን ነፍቼ ጨመርኩበት። በመጨረሻ በስቴኪኒ ጫፍ ብቻ ነክቼ ሐምራዊ ቀለም ጣል አደረግኩበት፤ ሐምራዊ የቀረውን ቢጫ ያጠፋዋል። ቀለሙ ጄል ይሁን፤ ውሃ የበዛበት ቀለም ክሬሙን ያላላዋል። ክሬም ቆይቶ ስለሚደምቅ ደግሞ ከምትፈልጉት ትንሽ ፈዘዝ ሲል አቁሙ።

መጀመሪያ ፍርፋሪውን የሚይዝ ስስ ክሬም ቀብታችሁ ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ። ቀጥሎ የላይኛው ግማሽ ነጭ፣ የታችኛው ሰማያዊ። ድንበሩን በተወጠረ ክር ምልክት አድርጉበት፤ እጅ ብቻውን ቀጥ አያደርገውም። መስኮቶቹ የቀለጠ ጥቁር ቸኮሌት ናቸው፦ በመጋገሪያ ወረቀት ላይ አሳስታችሁ አፍስሱት፣ ሲረጋ በቢላ አራት ማዕዘን ቁረጡት። ጎማው አራት ክብ የቸኮሌት ብስኩት፣ መብራቱ ከረሜላ።

ልደቱ በጾም ከዋለ በዘይት፣ በአቼቶና በቤኪንግ ሶዳ የሚሠራ ኬክ አለ፤ ልስልስ ስለሆነ ግን ከሁለት በላይ አትደራርቡት።

ታርጋው ለእኔ በጣም የምወደው ክፍል ነው። በምናውቀው የታክሲ ታርጋ ላይ ኮድ 1 በቀይ ነው፤ እሱን ጻፉና ከጎኑ የልጁን ስምና ዕድሜ አስከትሉ። ልጄ መጀመሪያ ያየው ጎማውን አልነበረም፤ ስሙን ነበር።

ከመቆረሱ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ከፍሪጅ አውጡት፣ ክሬሙ እንዲለሰልስ። ሻማው ጣሪያው ላይ ይተከል። ሲቆረስ ደግሞ ከኋላ ጀምሩ፤ ልጁ የታክሲውን ፊትና ታርጋውን እስከ መጨረሻው እያየ ይቆይ።