የዝግተኛው ገዳይ ሂሳብ

ዛሬ የማወራው ስለ ዝግታ ነው። ትንኝ ገዳይ ሻጋታዎች፣ ቦቬሪያ ባሲያናም ይሁን ሜታራይዚየም፣ ስማቸው ሲነሳ "ይዘገያሉ" የሚል ወቀሳ ይከተላል። እውነት ነው፣ ይዘገያሉ። ስፖሩ፣ ማለትም እንደ ዘር የሚያገለግለው የሻጋታው ብናኝ፣ ትንኟ ላይ ተጣብቆ ይበቅላል፣ ቅርፊቷን በኢንዛይም እያሟሟ ሰርስሮ ይገባል፣ ውስጧ ይራባል። እስክትሞት ከ4 እስከ 14 ቀን ሊፈጅ ይችላል።

እስቲ ቀኑን እንቁጠር። የወባ ተህዋስ ትንኟ ውስጥ ከገባ በኋላ ምራቅ ዕጢዋ ደርሶ ሌላ ሰው ለመያዝ ከ10 እስከ 14 ቀን ገደማ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ዛሬውኑ ባትሞትም ከዚያ በፊት ከሞተች ይበቃል። ሻጋታ የያዛት ትንኝ ደም የመምጠጥ ፍላጎቷም ይቀንሳል። አጎበር ላይ የሚነከረውን ፓይረትሮይድ የተባለ ፀረ-ተባይ ኬሚካል የተላመደችውም ቢሆን አታመልጠውም።

እንግዲህ ለኬሚካል የወጣውን፣ ሟቾችን በ24 ሰዓት የሚቆጥር መለኪያ ለሻጋታ መጠቀም ፍርደ ገምድልነት ነው። 14 ቀን ይጠበቅ፤ ስፖሩ በዘይት ተበጥብጦ ጨርቅ ላይ ስለሚቀባ፣ ዘይት ብቻ የተቀባ ጨርቅ ያረፉበት ማነጻጸሪያ ትንኞችም ይኑሩ። የሞተችው እርጥብ ወረቀት ባለበት ሳህን ትቀመጥ። ነጭ ሻጋታ ከሸፈናት ቦቬሪያ፣ አረንጓዴ ከሸፈናት ሜታራይዚየም ነው።

ሥራው የሚበላሸው ግን ብዙ ጊዜ ገና ሲመረት ነው። ሻጋታው የሚያድግበት ሩዝ ግማሽ በግማሽ ይቀቀላል፣ በአውቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት በሚሠራ ማምከኛ) በ121 ዲግሪ ከተህዋስ ይጸዳል፣ በደንብ ሲበርድ የሻጋታው ዘር ይጨመርበታል፣ 25 ዲግሪ አካባቢ 2 ሳምንት ገደማ ይቆያል። ውሃ ከበዛ ሩዙ ይጓጉላል፤ አየር ያጣ ሻጋታ ደግሞ ስፖር አያፈራም። ከጎመዘዘ ባክቴሪያ ቀድሞታል፤ ይጣል፣ ማዘን አያስፈልግም። ስፖሩ እርጥበቱ 5 በመቶ አካባቢ እስኪደርስ ደርቆ በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል። እንዲህ የደረቀውን በቀጥታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መጨመር ይገድለዋል፤ መጀመሪያ እርጥብ አየር ውስጥ ይቆይ።

ከመቀባቱ በፊት ይፈተን። አጋር (ሻጋታ የሚበቅልበት ጄሊ መሰል ምግብ) ላይ ዘርቶ ከ24 ሰዓት በኋላ በማይክሮስኮፕ 300 ስፖር መቁጠር፣ ከነዚያ ስንቱ እንደበቀለ ማየት። 80 በመቶ ብቻ በሕይወት ካለና ለካሬ ሜትር 10 ቢሊዮን ሕያው ስፖር ከታሰበ፣ የሚለካው 12.5 ቢሊዮን ነው። ይህችን ማካፈል የሚዘል ሰው ኋላ "ሻጋታው አይሠራም" ይላል!

መበጥበጫው ዘይት ነው፤ ስፖር ውሃን ይሸሻል። የሚቀባው ትንኟ ጠጥታ የምታርፍበት ጨለም ያለ ቦታ ነው፤ ፀሐይ ስፖርን ትገድላለች። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የታንዛኒያ ሙከራ ሜታራይዚየም የተቀባ ጥቁር የጥጥ ጨርቅ ከቤት ጣሪያ ሥር ሰቅሎ ነበር፤ ከተያዙት ትንኞች 23 በመቶው ተበክለው ተገኙ። ከአራት አንድ እንኳ አይሞላም፣ አጎበርን የሚተካ አይደለም። ጨርቁ ላይ ያለው ስፖርም በሳምንታት ውስጥ እየደከመ ይሄዳል፤ መቼ እንደገና እንደሚቀባ የሚወስነው ያው የ300ው ቆጠራ ነው።