ወረቀቱ ዝም አለኝ

እሺ፣ ሰላም ናችሁ? ዛሬ ስለ ታክሲ ሰልፍ ነበር ላወራችሁ የተዘጋጀሁት። ማስታወሻ ሁሉ ጽፌ ነበር። ይቅር። ከኋላ ዶሮ ሲጮህ ከሰማችሁ፣ አዎ፣ እሱው ነው። ፋሲካን በሰላም ተሻግሯል፣ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ።

ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ ነገር አለ። የማስተምርበት የኬጂ ክፍል ታብሌት መግባቱን ታውቃላችሁ፣ ከኬጂ ሁለቶች ጋር እንዴት እንደተሻማንበት ነግሬያችኋለሁ። ፊደል መለማመጃ አፕ አለው። ልጁ ነጠብጣቡ ላይ ጣቱን ያስኬዳል፣ ሲጨርስ ይጨበጨባል፣ ኮከብ ይዘንባል፣ አንዲት ሴት «ጎበዝ!» ትላለች። ሴትዮዋን አልወዳትም። ባንክ ቤት ወረፋ የምትጠራዋን ነው የምትመስለኝ።

እና አንድ ቀን መብራት የለም፣ ታብሌቶቹ ቻርጅ አልተደረጉም። ወረቀትና እርሳስ አወጣን። አንድ ልጅ አለኝ፣ አራት ዓመት ከምናምን ይሆነዋል። «በ» ጻፈ። በጣም ቆንጆ በ፣ እግሮቿ እኩል የቆሙ። ከዚያ እርሳሱን አስቀመጠና ወረቀቱን ማየት ጀመረ። ዝም ብሎ ያያል። የደከመው መስሎኝ ነበር። ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ሁሉ አስጠጋ፣ ቆየ፣ ከዚያ ቀና አለና «ቲቸር፣ ዝም አለኝ» አለ። ማን? «ወረቀቱ።»

ሳቅኩ። ረዳቴም ሳቀች። አጨበጨብኩለት፣ ጮክ ብዬ «ጎበዝ!» አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አንቺ አይደለሽም።»

አንቺ አይደለሽም! ምን ማለቱ ነው? ኮከቡን ፈልጎ ነው? ወይስ ልክ መሆኔን የምትነግሪኝ አንቺ አይደለሽም ነው? ልጅ ነው፣ በነጋታው ረስቶታል፣ እኔ ነኝ ይዤው የምዞረው። «በ»ን እኮ ያውቃታል። መጨረሱን ነው ያላወቀው።

ደግሞ ያ አፕ ከታች ወደ ላይ ብትጽፉም ያጨበጭባል። ነጠብጣቡ ይነካ እንጂ ግድ የለውም። በክርኗ የጻፈች ልጅ አለችኝ፣ በክርኗ! ኮከብ አግኝታለች።

ድሮ ይሻል ነበር እያልኩ አይደለም እሺ። እኔን ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ «ጎበዝ» የሚለው ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ከሀ እስከ ፐ ስንወርድ መሳሳታችንን የሚነግረን አርጩሜው ነበር። እና እሱስ ከሴትዮዋ በምን ይለያል? አላውቅም፣ ይለያል። ይለያል መሰለኝ።

የወንጪን ታሪክ ታስታውሳላችሁ? ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የሚባለው ድርጅት ማንበብ ለማይችሉ ልጆች ታብሌት በካርቶን እንደታሸገ፣ ያለ ምንም መመሪያ ሰጣቸው፤ ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲያወራ፣ አንዱ ልጅ በ4 ደቂቃ ከፍቶ ማብሪያውን አገኘው አለ። በ5 ወር ደግሞ የተዘጋውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት። አስተማሪ አያስፈልግም ማለት ነው ያለ ሰው ሁሉ ይቺን ታሪክ ይመዝዛታል። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው። ልጆቹ አብረው ነበሩ። አንዱ ሲያገኝ ሌላው ትከሻው ላይ ተንጠልጥሎ ያያል፣ ይጮሃል፣ ይነጥቃል። እኛ ጋ እያንዳንዱ የየራሱን ታብሌት ይዞ ጸጥ! ርዕሰ መምህራችን ሲያልፉ ጸጥታውን አይተው ደስ ይላቸዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ2019፣ በፈረንጆቹ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ ቁጭ ብሎ ስክሪን የሚያይበት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ፣ ከዚያም ካነሰ ይሻላል ብሏል። እንዴ፣ የኔዎቹ ያቺን አንድ ሰዓት ቁርስ ሳይበሉ ይጨርሷታል፣ እናት ፀጉር እየሠራች፣ ስልኩ እጃቸው ላይ። አልፈርድም። እኔም ልጅ ቢኖረኝ... ተዉት።

ግን ደግሞ ሌላ ልጅ አለችኝ። ክፍል ውስጥ ትንፍሽ አትልም። ስሟን እንኳ ስጠራ ጠረጴዛ ስር ነው የምትገባው። ታብሌቱ ላይ ድምፅ መቅጃውን አገኘችው፣ ማንም ሳያሳያት። ጥግ ይዛ ስለ አያቷ ድመት ረጅም ተረት አወራች። ለሁሉም አሰማኋቸው፣ ተጋፍተው መጡ፣ «ድመቷስ?» አሏት። መለሰችላቸው! በአፏ!

እና አሁን ምን ልበል? የጭብጨባውን ድምፅ ማጥፋት ይቻላል፣ ሴቲንግ ውስጥ አይቼዋለሁ። ግን እሱን ሳጠፋ የእሷም ተረት ዝም ይላል መሰለኝ፣ ወይ ለየብቻ ይሆን... ቅዳሜ ደግሞ የወላጆች ስብሰባ አለ። አንዱ አባት ተነስቶ ይህን ሁሉ ብር ከፍለን ልጄ ታብሌቱን በሳምንት ስንት ሰዓት ነው የሚያገኘው ማለቱ አይቀርም። ስለ ወረቀቱ ብነግረው ይስቃል። እኔም ስቄ የለ። እና በቃ፣ ብዙ ሰዓት ልበለው፣ ትንሽ ሰዓት ልበለው... ለባለተረቷ ብዙ፣ ለባለወረቀቱ ደግሞ... አይ፣ እንደሱ ተብሎማ...