ከስብሰባው በኋላ የተረፉት አራት ደቂቃዎች

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ የወይዘሮ ስሕን ትምህርት ቤት ጓደኞቼ፣ በር ላይ የቆማችሁ ልጆች፤ እንደምን ዋላችሁ?

ወንበር ያጣችሁ ግድግዳውን ተደገፉ። ቶሎ አልጨርስም። ይህ ጽሑፍ ሦስት ገጽ ነበር። ትናንት እህቴ ቤት ቡና ሲፈላ ስድስት ሆነ። በረካው ላይ ለተጨመረው እሷን ውቀሱ፤ እዚያ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች።

ስለ ካባው አመሰግናለሁ። የጦሳ ተራራን ብርድ የሚያውቅ ሰው ነው የመረጠው። መድረክ መሪው ያነበበልኝን ግን ትንሽ ላርመው። «የመጀመሪያዋ ሴት የቴሌቪዥን ፕሮዲዩሰር» አለኝ። አይደለሁም። እኔ ስገባ ስክሪፕት የሚተይቡ፣ ፊልም የሚቀጥሉ፣ ካሜራ ፊት ቆመው የሚያነቡ ሴቶች ነበሩ። ሥራውን እነሱ ይሠሩታል፣ ስሙን ሌላ ይወስደዋል። እኔን የለየኝ ነገር ቢኖር አፌ ነው። አፌን ደግሞ ከደሴ ነው ይዤው የሄድኩት!

ከዚህ የወጣሁት በ1965 ነው። 400 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ፣ ጣርማ በር ላይ አንድ ጊዜ አስመልሶኝ። ቴሌቪዥን በአገራችን የተጀመረው በ1957 ነውና ገና የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ጥቁርና ነጭ ነው። እኛ ደሴ ደግሞ ምስሉ አይደርስም። ስለዚህ እናቴ ሥራዬን አይታው አታውቅም። ጎረቤት ሲጠይቃት «ልጄ ሣጥን ውስጥ ሆና ታስተምራለች» ትላለች። አንዳንዱ ታስሬ መስሎት «አብሽሪ፣ ያልፋል» ይላት ነበር።

የገባሁት የቴሌቪዥኑ ትምህርት ክፍል ነው፤ ሥዕል ሣይ ተብዬ። ዛሬ ኮምፒዩተር የሚሠራውን እኛ በካርቶንና በቀለም ነበር የምንሠራው። የልብ ሥዕል፣ የዓባይ ካርታ፣ ክፍልፋይ ቁጥር። ካርቶኑ ካሜራ ፊት ይቆማል፣ አንዲት ልጅ ከሥሩ ተንበርክካ ትገለብጠዋለች። ልጅቷ እኔ ነበርኩ። ጉልበቴን የሚያመኝ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው። አስተማሪው ስቱዲዮ ውስጥ ያስተምራል፣ ተማሪው በየትምህርት ቤቱ ቴሌቪዥን ፊት ተኮልኩሎ ያያል። የክፍሉ መምህር መምሪያው ቀድሞ ይደርሰዋል፤ ከፕሮግራሙ በፊት ልጆቹን ያዘጋጃል፣ ሲያልቅ ይጠይቃል። እኛ ስቱዲዮ ውስጥ መድገም የሚባል ነገር አልነበረንም። በቀጥታ ነው። አስተማሪው ካስነጠሰ ተማሪው ሁሉ «ይማርዎ» ይላል።

አንድ ቀን ስለ ሙቀት የሚያስተምር ፕሮግራም ሰጡኝ። የራሴ የመጀመሪያው ነው። ከውጭ የመጣው መጽሐፍ ምሳሌው የብረት ዘንግና የጋዝ እሳት ነው። እኔ ምጣድ አመጣለሁ አልኩ። አለቃዬ ሳቁ። «ቴሌቪዥን ላይ ምጣድ? ስቱዲዮውን ጓዳ ልታደርጊው ነው?» አሉኝ። ልጁ ቤቱ የብረት ዘንግ የለውም፣ ምጣድ ግን አለው፤ እዚያ ላይ ነው ነገሩ የሚገባው አልኳቸው። ሸክላ ሙቀትን ቀስ ብሎ ነው የሚያሳልፈው፤ እንጀራውን ብረት ላይ ብትጋግሩት እሳቱ የበረታበት ቦታ ወዲያው ያርራል። የእንጀራ ዓይን የሚባለውም እርሾው ሊጡ ውስጥ የፈጠረው ጋዝ ሙቀት አግኝቶ ሲወጣ የሚተወው ቀዳዳ ነው። ፊዚክሱም ኬሚስትሪውም እናቴ ጓዳ ነበር።

ተፈቀደልኝ። ምጣዱን በጎመን ዘር አሸሁት፣ ጣድኩት፣ ሊጡን አዞርኩት፣ አክንባሎውን ደፋሁበት። ካሜራማኑን «ቅረብ፣ ዓይኑ እንዲታይ» አልኩት። ቀረበ። አክንባሎውን ሳነሣው እንፋሎቱ ሄዶ ሌንሱ ላይ ተለጠፈ። በቀጥታ ነው እንግዲህ! ስክሪኑ ጭልጥ ብሎ ነጣ። የአዲስ አበባ ተማሪ ጉም እያየ ቀረ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። አስተማሪው ግን፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ፍንክች አላሉም። «ልጆች፣ ይህ እንፋሎት ይባላል» አሉ። ከዚያ በኋላ ብዙ ፕሮግራም ሠርቻለሁ፤ እንፋሎትን እንደዚያ ያስረዳ አላየሁም። አለቃዬ ለወራት «ወይዘሪት ምጣድ» ይሉኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ይህን ሁሉ የማወራው ግን ወደ አንድ ነገር ለመድረስ ነው።

መስከረም 1 ቀን 1967። የእንቁጣጣሽ ማታ። አዲስ አበባ አንድ የወሎ ሰው ቤት ተሰብስበናል። ዶሮው ገና አልተነሣም። ቴሌቪዥኑ ተከፈተ። እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ፊልም መጣ። መሐል መሐሉ ላይ የቤተ መንግሥት ድግስ ተቀጥሎበታል። በማግስቱ ንጉሡ በቮልስዋገን ተወሰዱ፤ እሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ ያን ማታ ስለ ንጉሥ አላሰብኩም። ስክሪኑ ላይ ፊት እየፈለግሁ ነበር። የማውቀው ፊት እንዳላገኝ እየለመንኩ። ቤቱ ውስጥ እንጀራ የቆረሰ ሰው አልነበረም። ወሎን በቴሌቪዥን መጀመሪያ ያየኋት እንደዚያ ነው።

አሥር ዓመት አለፈ። የደርጉ ፓርቲ ኢሠፓ ሲመሠረት ቴሌቪዥናችን ባለቀለም ሆነ። ደስ ብሎኝ ነበር። በቃ፣ የባቲን ገበያ በቀለም አሳያለሁ ብዬ። ወር ከመንፈቅ አልሞላም፤ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ጋዜጠኛው ማይክል በርክና ካሜራማኑ ሞሐመድ አሚን ኮረም ላይ የሠሩት ዘገባ በቢቢሲ ወጣ። ኮረም ያኔ የወሎ ናት። ዓለም አለቀሰ፣ ገንዘብ አዋጣ፣ እህል መጣ። በዚያ እህል የተረፈ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥም ይኖራል። ስለዚህ ካሜራውን አልረግመውም። ግን ከዚያ ወዲያ ወሎዬ ነኝ ስል ሰዉ ፊቱን ማዘን ያስጀምረዋል። ገና ስሜን ሳልነግረው!

በ1979 ስለ ወሎ ዜማ ፕሮግራም ልሥራ ብዬ ወረቀት አስገባሁ። አራቱ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ አይደሉ? ባቲና አምባሰል የወሎ አገር ስም ናቸው። የሰው ሁሉ ዘፈን በእኛ መንደር ስም ይጠራል። አንድ ኃላፊ ወረቀቱን አየና «ወሎ? የእርዳታ ጉዳይ ነው?» አለኝ። የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልናገርም። እኔ ሥራ ቀያይሬያለሁ፣ ባትገምቱ ይሻላል። ብቻ ተጨቃጭቄ፣ ስድስት ቀን፣ አንድ መኪናና ጥቂት ቴፕ ተሰጠኝ።

ባቲ የገባነው ሰኞ ነው። ሌላ ቀን ማን ባቲ ይሄዳል? ከቆላ የወጣው ግመል፣ ከደጋ የወረደው ጤፍ፣ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው፤ አቧራው ራሱ ሦስት ቋንቋ የሚናገር ይመስላል። ከገበያው ዳር አንድ ሽማግሌ ማሲንቆ ይዘው ተቀምጠዋል። ደጋኑን በዕጣን ያሻሉ። ቀስ ብለው፣ ጊዜ ሞልቶ እንደተረፈው ሰው። እንቅረጽዎ አልናቸው። ካሜራውን አዩት፣ ቴፑን አዩት፣ ወደ እኔ ዞሩ።

«እታለም፣ ይሄ ነገር ድምፄን ወዴት ነው የሚወስደው?»

«አዲስ አበባ፣ አባባ።»

«እዚያ ማን ይጠብቀዋል?»

«መንግሥት ነዋ።»

«እንግዲያ ጠፋ በይኛ!» አሉና ሳቁ። ገበያተኛው ሁሉ አብሮ ሳቀ። እኔ ግን ወጣት ነኝ፣ ክብሬ ተነካ። «አይጠፋም፤ እኔ አለሁ» አልኳቸው። ይህን ቃል አስታውሱልኝ።

ባቲን ይጫወታሉ ብዬ ስጠብቅ አምባሰል ጀመሩ። «ባቲን ባቲ ላይ ማን ያዳምጣል፣ ሁሉም ያውቀው የለ» አሉ። ጥሩ ሄዶ ሄዶ መሐል ላይ አጠገባችን የታሰረ ግመል አጉረመረመ። ረጅም፣ ከሆዱ። የድምፅ ባለሙያችን ሊያብድ ደረሰ፤ ይቁም፣ እንደገና ይጀመር አለ። ሽማግሌው ደጋኑን ሳያነሡ «ተወው ልጄ፣ እሱም የባቲ ነው» አሉት። እንዳለ ቀረ።

በዚያው ሳምንት የማታ መንዙማ ቀረጽን፣ ከበሮው ደረት ላይ የሚመታ። ሌሊት ተነሥተን የላሊበሎችን ዜማ ቀረጽን። አንዲት እናት ቡና ሲያፈሉ የሚያደርጉትን ዱዓ ቀረጽን፤ ለወለደው፣ ለመከነው፣ ለመንገደኛው፣ በመጨረሻም «ለዚች ካሜራ ይዛ ለምትንከራተት ልጅ» ብለው። አንድ ሰዓት የሚሞላ ፕሮግራም ወጣው። ተላለፈ። ሰው ወደደው። ቴፑን ራሴ ጽሑፍ ለጥፌበት መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት።

ሦስት ዓመት ቆይቼ ለሌላ ሥራ ፈለግሁት። ቁጥሩ አለ። ሣጥኑ አለ። የእኔ ጽሑፍ ላይ ግን ሌላ ወረቀት ተለጥፏል። ምን ይላል መሰላችሁ? «ስብሰባ»። የምን ስብሰባ፣ የማን ስብሰባ፣ እሱ እንኳ የለም። ስብሰባ!

ማጫወቻው ውስጥ ከተትኩት። አንድ ሰው ይናገራል። ሌላ ሰው ይናገራል። ጭብጨባ። ውሃ ይጠጣሉ። 56 ደቂቃ ተቀምጬ አየሁት። ለምን እንደተቀመጥኩ አላውቅም፤ ለቅሶ ቤት ሰው ለምን ይቀመጣል? 56ኛው ደቂቃ ላይ ስብሰባው አለቀ፣ ምስሉ ተንቀጠቀጠ፣ ከሥሩ አባባ ብቅ አሉ። የመጨረሻው አራት ደቂቃ። ስብሰባው ትንሽ ቢረዝም ኖሮ እሱም አይተርፍም ነበር። በሕይወቴ አንድ ስብሰባ ቶሎ በማለቁ ፈጣሪን ያመሰገንኩት ያኔ ነው።

ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «ቴፕ የለም፣ የውጭ ምንዛሪ የለም» ነው። እውነት ነው፣ አልነበረም። ቢቢሲም ባንድ ወቅት ስንት ፕሮግራሙን አጥፍቶ ቴፑን ደግሞ ተጠቅሞበታል። የአሜሪካው ናሳ እንኳ ሰው ጨረቃ ላይ ሲወርድ የቀዳበትን ዋና ቴፕ ሳያጠፋው እንዳልቀረ በ2001 አምኗል። ድህነት ብቻ አይደለም ማለት ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ምርጫው ነው። መደርደሪያው ሙሉ ነበር። አንድ ሰው ቆሞ አይቶ፣ ይሄ ይጥፋ፣ ያ ይቀመጥ ብሏል። ያ ሰው ደግሞ ሌላውን ስብሰባ አልነካም። ማሲንቆውን ነው ያነሣው!

እስቲ ልጆች፣ ስልካችሁን አውጡና «ወሎ ረሃብ» ብላችሁ ፈልጉ። ታገኙታላችሁ። የኮረም ምስል ዩቱብ ላይ አለ። አንዲት ሰከንድ አልጎደለችም። የተራቡት እናቶቻችን በሰው አገር መደርደሪያ ላይ ቁጥር ተሰጥቷቸው ይኖራሉ። የዘፈኑት አባቶቻችን በገዛ አገራቸው መደርደሪያ ላይ ተደመሰሱ። ስንራብ የሚቀረጸን ሞላ፤ ስንዘፍን የሚያስቀምጠን ጠፋ! እዚህ የመጣሁት ይህችን ልናገር ነው። ካባው ለሌላው ነገር ከሆነ መልሱልኝ፣ አልከፋም።

ፊት ወንበር ላይ ለተቀመጣችሁ ሹሞች አንድ ጉዳይ አለኝ። ሐውልት አልፈልግም። አንድ ደረቅ ክፍል ስጡን፣ እዚሁ ደሴ። መደርደሪያና የሚመዘግብ ሰው ያለው። በ2014ቱ ጦርነት ያለንን ነገር ማጣት ምን እንደሆነ አይታችኋል፤ ለእናንተ አልተርክም። የእናንተም ቤት ግን ከሌላው ቤት አይሻልም። ቁም ሣጥን ሥር የሠርግ ቪዲዮ አለ፣ የመውሊድ ካሴት አለ፣ የሟች አያት ድምፅ አለ። ቴፕ እርጥበት አይወድም፣ ይሻግታል፣ ይጣበቃል። የደሴ ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ስፒከር ላይ አታስቀምጡት፣ ማግኔቱ ያበላሸዋል። ስልክ አለን የምትሉት ልጆች ደግሞ «ሜሞሪ ሞላ» ሲላችሁ መጀመሪያ የምታጠፉት የማንን ቪዲዮ እንደሆነ ለራሳችሁ መልሱ።

ስለ ፕላዝማ ተናገሪ ተብዬ ነበር። በ1997 አካባቢ የመጣውን የቴሌቪዥን ትምህርት ነው። የተማራችሁበት ታውቁታላችሁ፤ ጥያቄ ጠይቆ፣ ሳትመልሱ «ጎበዞች» ብሎ የሚያልፈው። እኛ እንኳ በካርቶን ዘመን የክፍሉን መምህር እንጠብቅ ነበር። ሌላ የምለው የለኝም።

ጋዜጠኛ መሆን ስለሚፈልጉ ሴቶች ልጆችም አንድ ገጽ ጽፌ ነበር። ሰዓቱ ሄደ። ስማችሁን ሥራችሁ ላይ ጻፉ። በእስክርቢቶ አይደለም፤ በማይለቅ ቀለም።

አሁን እዚያ ጥግ ያለው ልጅ አንድ ነገር ያሰማችኋል። መብራት ካልሄደ። ያን ስብሰባ ያየሁ ቀን ትንሽ ቴፕ ሪኮርደሬን ከስፒከሩ ጋር አስጠግቼ የቀዳሁት ነው፣ አራት ደቂቃ። ምስል የለውም። ይሾካሾካል። መጀመሪያ ላይ በር ሲዘጋ ይሰማል፣ ያ እኔ ነኝ፤ ሰው እንዳይገባብኝ ነው። ከዚያ አምባሰል ይመጣል። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ የምትሰሙት ጩኸት የማሽኑ ብልሽት አይደለም። ግመሉ ነው።

ክፈተው፣ ልጄ።